የጀልባ ሞተር ካርቡሬተር፦ ጅግለሩን በሽቦ አትውጉ

«ጅግለሩ ተደፍኗል፣ ሽቦ አምጣ!» የጀልባ ሞተር ሚኒሞ (ጋዝ ሳይሰጠው በዝግታ መዞር) አልይዝ ባለ ቁጥር መጀመሪያ የሚባለው ይኸው ነው። ከአሮጌ ገመድ አንድ ዘለላ ሽቦ ይመዘዛል፣ ጅግለሩ ይወጋል፣ ሞተሩ ይነሳል፣ «ተሠራ» ተብሎ ይኬዳል። አልተሠራም፤ ተበላሸ እንጂ።

ጅግለር ቤንዚንን ከአየር በሚቀላቅለው ካርቡሬተር ውስጥ ያለ፣ ቤንዚን በልክ የሚያልፍበት ቀዳዳ ያለው ትንሽ ናስ ነው። ናስ ለስላሳ ስለሆነ የብረት ሽቦ ይፍቀዋል። የሚኒሞው ጅግለር ቀዳዳ 0.45 ሚሊሜትር ነበር እንበል። በሽቦ ተፍቆ 0.50 ቢደርስ ዓይን አይለየውም፤ ቤንዚን የሚያልፍበት ስፋት ግን 23 በመቶ ገደማ ጨምሯል። ከዚያ በኋላ ካንዴላው (ቤንዚኑን የሚያቀጣጥለው) ይጠቁራል፣ ጭሱ ይበዛል፣ ባለሞተሩም ካንዴላ ሲለውጥ ይከርማል።

ሽቦው ቆሻሻውን በከፊል ብቻ ሲያነሳ ደግሞ ጉዳቱ ይብሳል። ዘይት ከቤንዚን ጋር ተደባልቆ በሚሠራ ቱ-ስትሮክ ሞተር፣ ለምሳሌ ለ50 ሊትር ቤንዚን 1 ሊትር ዘይት በሚጨመርበት፣ ሲሊንደሩ ቤንዚን አነሰው ማለት ዘይትም አነሰው ማለት ነው። ፒስተኑ ግሎ ከሲሊንደሩ ጋር ይጣበቃል። የአንድ ጅግለር ዋጋ ለማዳን ተብሎ ሞተር ይከፈታል።

ትክክለኛው አሠራር ከባድ አይደለም። መጀመሪያ ጎማና ፕላስቲክ የሆነውን ሁሉ አውጡ፤ የካርቡሬተር ማጽጃ ያሳብጠዋል። ጅግለሩን ጥርሱን ሞልቶ በሚገጥም ካቻቢቴ ፍቱት፤ ጠባብ ካቻቢቴ ናሱን ይልጠዋል። በማጽጃው ውስጥ ዘፍዝፉት፣ ከዚያም ቤንዚን ከሚፈስበት አቅጣጫ በተቃራኒ በኮምፕሬሰር አየር ንፉት። የካርቡሬተሩን የውስጥ ቀዳዳዎችም አንድ በአንድ ንፉ፤ ዓይናችሁን ግን ሸፍኑ። አሁንም ካልለቀቀ ቀጭን የዓሣ ማጥመጃ ናይለን ክር አሳልፉበት፤ ናይለን ናስን አይፍቅም። በመጨረሻ ጅግለሩን ወደ ብርሃን አንሱና እዩ፦ ቀዳዳው ክብ፣ ጠርዙም ንጹሕ መሆን አለበት። ሞላላ ከሆነ ወይም ጭረት ካለው ጣሉት፤ በላዩ ላይ የተጻፈውን ቁጥር አይታችሁ ተመሳሳዩን ግዙ።

«ካንዴላው ከጠቆረ ካርቡሬተሩ ቆሽሿል» የሚለውም ሁልጊዜ እውነት አይደለም። የጣና ሐይቅ ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ በዚያ ከፍታ የአየር ግፊቱ ከባሕር ዳርቻው በ20 በመቶ ገደማ ያንሳል። ለባሕር ዳርቻ የተገጠመ ጅግለር እዚያ ቤንዚን ያበዛል። ንጹሑን ካርቡሬተር አሥር ጊዜ ብታጥቡት ለውጥ የለውም፤ አምራቹ ለከፍታ ያዘዘውን አነስ ያለ ጅግለር መግጠም ነው።

«ሳይፈታ በአየር ማስገቢያው ማጽጃ ብንነፋበት ይበቃል»፦ አይበቃም። ማጽጃው የተደፈነው የሚኒሞ ቀዳዳ ዘንድ አይደርስም፤ በቱ-ስትሮክ ላይ ሲበዛ ደግሞ የሚሽከረከረውን ዘንግ የሚይዘውን የኩሽኔታውን ዘይት ያጥባል።

«አሮጌው ጋርኒሲዮን (በክፍሎቹ መካከል የሚገባው ማሸጊያ) ሲሊኮን ተቀብቶ ይሠራል»፦ ተራ ሲሊኮን ቤንዚን ሲነካው ያብጣል፣ ይቆራረጣል፤ ቁራጩ ሄዶ ጅግለሩን ይደፍናል። አዲስ ግጠሙ።

የሚኒሞውን ማስተካከያ ብሎን «እስከ መጨረሻው አጥብቀህ ጀምር» የሚሉም አሉ። ሾጣጣ ጫፉ አንዴ በኃይል ተጠብቆ ቀለበት ከተቀረጸበት በኋላ ሚኒሞው በትክክል አይስተካከልም። ከመፍታታችሁ በፊት በሁለት ጣት ቀስ አድርጋችሁ እስኪነካ አዙሩ፣ ዙሩን ቁጠሩ፣ ጻፉት። አንድ ዙር ተኩል ከነበረ ስትመልሱትም አንድ ዙር ተኩል ነው።

በካርቡሬተሩ ውስጥ የቤንዚኑን ከፍታ የሚጠብቀውን ተንሳፋፊ አራግፉት። ውስጡ ፈሳሽ ከተንቦጫቦጨ ቀዳዳ አለው፣ ይለወጥ። ከፍታውን ለማስተካከል የሚታጠፈው የቤንዚን መግቢያውን የሚዘጋውን መርፌ የሚነካው ትንሽ ምላስ ብቻ ነው፤ ተንሳፋፊውን ራሱን አትጠምዝዙ።

ካርቡሬተሩን ከመፍታት በፊት ግን አንድ ነገር ሞክሩ። ሞተሩ በፍጥነት ሲሄድ ሲሞት የቤንዚን ቱቦው ላይ ያለውን የጎማ ኳስ ጭመቁ። ወዲያው ካገገመ ችግሩ ፓምፑ፣ ፊልትሮው ወይም አየር የሚስብ ቱቦ ነው። በቾክ (አየሩን በሚቀንሰው መዝጊያ) ብቻ የሚሠራና ሚኒሞ ላይ የሚሞት ከሆነ ያኔ የሚኒሞውን ጅግለር ጠርጥሩ።

«ለሙከራ ለአንድ ደቂቃ ያለ ውሃ ቢነሳ ምን ይሆናል?» የውሃ ፓምፑ ጎማ የሚቀዘቅዘውም ሰበቃው የሚቀንስለትም በውሃ ነው፤ ደረቁን ሲዞር በሰከንዶች ውስጥ መቃጠል ይጀምራል። በርሜል በውሃ ሙሉና የውሃ መሳቢያው ወንፊት እስኪሸፈን ሞተሩን አስገቡት። የመጨረሻውን ሚኒሞ ግን በርሜል ውስጥ አታስተካክሉ፤ ጀልባው ሐይቁ ላይ፣ ሞተሩ ሞቆ፣ ማርሽ ገብቶ ነው የሚስተካከለው።