የወጪ ኢሜይል ቅንብር በንግድ ሶፍትዌሮች

ወጪ ኢሜይል የሚባለው አንድ የንግድ ሶፍትዌር በድርጅቱ ስም ወደ ደንበኛ፣ ወደ አቅራቢ ወይም ወደ ሠራተኛ የሚልከው መልእክት ሁሉ ነው። ፕሮፎርማ፣ ኢንቮይስ፣ ያልተከፈለ ሒሳብ ማስታወሻ፣ የደመወዝ ስሊፕ፣ የይለፍ ቃል መቀየሪያ ሊንክ በዚሁ በር ይወጣሉ። መዝገብ ቤት የሠራ ሰው ነገሩን ከማንም ቀድሞ ይረዳዋል፤ ወጪ ደብዳቤ ቁጥርና ቀን ተሰጥቶት፣ ተፈርሞና ማኅተም አርፎበት ካልሆነ ከቢሮ አይወጣም። የሶፍትዌሩም ወጪ ኢሜይል ፈራሚ፣ ፖስተኛና ማኅተም ያስፈልገዋል። ማኅተሙን የሚመረምረው ግን ደብዳቤውን የሚከፍተው ሰው ሳይሆን ሰውየው ኢሜይል የሚቀበልበት ሰርቨር ነው፤ ብዙ ድርጅት ለፖስተኛው ተጨንቆ ማኅተሙን የሚረሳውም ስለማይታየው ነው።

መልእክቱ የሚተላለፍበት ደንብ ኤስኤምቲፒ ይባላል፤ የኮምፒውተር ሊቁ ጆን ፖስተል እ.ኤ.አ. በ1982 ያወጣው ነው። አሠራሩ እንደ ስልክ ንግግር ተራ በተራ ነው። ላኪው ሰላምታ ሰጥቶ ራሱን ያስተዋውቃል፤ መልእክቱ ከማን እንደሆነ፣ ከዚያም ለማን እንደሆነ ይናገራል፤ በመጨረሻ ጽሑፉን ያስረክብና በአንድ መስመር ላይ ብቻዋን የቆመች ነጥብ ጽፎ መጨረሱን ያስታውቃል። ተቀባዩ የሚመልሰው ባለሦስት አሃዝ ቁጥር ነው፤ 250 እሺ ማለት ነው፣ በ4 የሚጀምር ቁጥር ቆይተህ ሞክር፣ በ5 የሚጀምር ደግሞ አልቀበልም። በመጀመሪያው ደንብ ውስጥ የይለፍ ቃል የሚባል ነገር ስላልነበረ ማንም ተነሥቶ በማንም ስም መጻፍ ይችል ነበር። ዛሬ የምንሞላቸው አብዛኞቹ ሳጥኖች ያንን ክፍተት ለመድፈን በኋላ የተጨመሩ ናቸው።

እ.ኤ.አ. በ2005 በቤልጂየም የተጀመረውን ኦዱ የተባለ የንግድ ሶፍትዌር ለምሳሌ ብንወስድ፣ የወጪ ሰርቨር ገጹ የሚጠይቀው የሰርቨሩን አድራሻ፣ የፖርት ቁጥር፣ የማመስጠሪያውን ዓይነት፣ የተጠቃሚ ስምና የይለፍ ቃል ነው። ከእነዚህ ሁሉ ሰውን የሚያደናግረው ፖርቱ ነው። 25 ቁጥር ሰርቨሮች እርስ በርሳቸው የሚነጋገሩበት ጥንታዊው በር ሲሆን፣ ብዙ የኢንተርኔትና የክላውድ አቅራቢዎች የስፓም መውጫ እንዳይሆን ይዘጉታል። 587 ለእንደዚህ ያለ ሶፍትዌር የተመደበ በር ነው፤ ንግግሩ በግልጽ ይጀመርና ስታርት ቲኤልኤስ በሚባለው ትእዛዝ ወደ ምስጢር ይዞራል። 465 ግን ገና ከመጀመሪያው የተመሰጠረ ነው፤ አንድ ጊዜ ተመድቦ ከተሻረ በኋላ እ.ኤ.አ. በ2018 እንደገና ተመራጭ ሆኗል። ፖርቱን 465 አድርጎ ማመስጠሪያውን ስታርት ቲኤልኤስ ያለ ሰው የስህተት መልእክት እንኳ ቶሎ አያገኝም። ሶፍትዌሩ የሰርቨሩን ሰላምታ ይጠብቃል፤ ሰርቨሩም ሶፍትዌሩ ምስጢራዊውን ንግግር እስኪጀምር ይጠብቃል፤ ሰዓቱ እስኪያልቅ ድረስ ሁለቱም ዝም ብለው ይቆያሉ። ጥፋቱ ብዙውን ጊዜ በኢንተርኔቱ ይላከካል።

በጂሜይል በኩል ለመላክ የሚፈልግ ድርጅት የተለመደውን የይለፍ ቃል ቢያስገባ 535 የሚል እምቢታ ያጋጥመዋል። ባለሁለት ደረጃ ማረጋገጫውን ከፍቶ ለሶፍትዌሩ ብቻ የሚሆን ባለ16 ፊደል የመተግበሪያ የይለፍ ቃል ማውጣት፣ ወይም ኦዱን ከጉግል ጋር በፈቃድ ማገናኘት ይኖርበታል። ነፃው ጂሜይል በቀን ከ500 ያህል መልእክት በላይ አያሳልፍም፤ የሚከፈልበት የጉግል ወርክስፔስ ጣሪያ 2000 ነው። የሒሳብ ሠራተኛዋን የግል አካውንት የድርጅቱ መላኪያ ማድረግ ለጊዜው ቀላል ይመስላል፤ ሠራተኛዋ ሥራ በለቀቀችና የይለፍ ቃሏን በቀየረች ቀን ግን የድርጅቱ ኢንቮይስ ሁሉ ይቆማል።

ሳጥኖቹ ከተሞሉ በኋላ ግንኙነቱን የሚሞክረው ቁልፍ ተጭኖ አረንጓዴ ምልክት ሲመጣ ሥራው ያለቀ ይመስላል። ቁልፉ የሚያረጋግጠው ግን ፖስተኛው ደብዳቤውን ለመረከብ ፈቃደኛ መሆኑን ብቻ ነው፤ ደብዳቤው መድረሱን አይናገርም። መድረሱ በአብዛኛው የሚወሰነው ማኅተሙን በሚተኩ ሦስት ነገሮች ነው፤ እነርሱም በድርጅቱ ዶሜይን (በኢሜይል አድራሻው ከ@ በኋላ ባለው ስም) የዲኤንኤስ መዝገብ፣ ማለትም ማንኛውም ሰርቨር ሊያነበው በሚችለው ይፋዊ ማውጫ ላይ ይጻፋሉ። ኤስፒኤፍ በዶሜይኑ ስም እንዲልኩ የተፈቀደላቸው ሰርቨሮች ዝርዝር ነው። ዲኪም በእያንዳንዱ መልእክት ላይ የሚያርፍ ዲጂታል ፊርማ ሲሆን፣ ፊርማው የሚመሳከርበት ቁልፍ በመዝገቡ ላይ ለሁሉም ይፋ ይሆናል። ዲማርክ ደግሞ ከሁለቱ አንዱም ተቀባዩ ከሚያየው የላኪ አድራሻ ጋር ካልተስማማ መልእክቱ ይለፍ፣ ወደ ስፓም ይግባ ወይስ ይመለስ የሚለውን የባለቤቱን ውሳኔ ያስታውቃል። ጉግልና ያሁ ከየካቲት 2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በብዛት የሚልኩ ላኪዎች ሦስቱንም እንዲያሟሉ ያስገድዳሉ፤ ለጂሜይል ብዙ የሚባለው በቀን ከ5000 ገደማ ጀምሮ ነው። ሁለተኛ የመላኪያ አገልግሎት ሲገባ በነባሩ የኤስፒኤፍ መስመር ላይ መጨመር ሲገባ አዲስ መስመር መጻፍ የተለመደ ስህተት ነው፤ ለአንድ ዶሜይን ሁለት የኤስፒኤፍ መስመር ሲኖር ተቀባዩ ሁለቱንም አይቀበልም።

በግዕዝ ፊደል ለሚጽፍ ድርጅት አንድ ተጨማሪ ጉዳይ አለ። ኤስኤምቲፒ ሲወለድ የሚያውቀው የእንግሊዝኛን ፊደልና ጥቂት ምልክቶችን ብቻ ስለነበር፣ በአማርኛ የተጻፈ የርእስ መስመር ዛሬም አብዛኛውን ጊዜ ወደ እነዚያ ምልክቶች ተለውጦ ይጓዛል። እያንዳንዱ የግዕዝ ፊደል ዩቲኤፍ 8 በሚባለው የፊደላት መመዝገቢያ ሥርዓት ሦስት ባይት ስለሚይዝ፣ ቤዝ 64 በሚባለው መለወጫ ወደ እነዚያ ምልክቶች ሲገለበጥ አራት ምልክት ይሆናል፤ አንዱ ቁራጭ ደግሞ ከ75 ምልክት እንዳይበልጥ ስለተወሰነ፣ መግቢያና መዝጊያው ሲቀነስ በአንድ ቁራጭ የሚገቡት 15 ፊደላት ብቻ ናቸው። ረዘም ያለ ርእስ ስለዚህ ይቆራረጣል። በደንብ የተሠራ ሶፍትዌር የሚቆርጠው በፊደል መካከል ሳይሆን በፊደልና በፊደል መሐል ነው፤ ያልተጠነቀቀው ግን አንዱን ፊደል ለሁለት ይከፍለውና ደንበኛው በርእሱ መሐል የጥያቄ ምልክት ያለበት ጥቁር ዳይመንድ ያያል። ስለዚህ ሙከራው አጭር የእንግሊዝኛ ቃል በመላክ ሳይሆን፣ ረጅም የአማርኛ ርእስ ያለው ኢንቮይስ በመላክ ቢሆን ይመረጣል።

ኦዱ ያልተላከን መልእክት በቀይ ፖስታ ምልክት ያሳያል፤ ምልክቱን ሲጫኑት ምክንያቱ ይነበባል። ወረፋ የያዙት መልእክቶች በተመደበላቸው ሰዓት ስለሚወጡ፣ መዘግየትን ከመጥፋት መለየት ያስፈልጋል። ከሁሉ የሚያሳፍረው ግን ያልተላከው ሳይሆን መላክ ያልነበረበት ነው። ለሥልጠና ወይም ለሙከራ ተብሎ ዋናው ዳታቤዝ ሲገለበጥ የወጪ ሰርቨሩ ቅንብርና ወረፋው አብረው ስለሚገለበጡ፣ ግልባጩ ራሱን እንደ ዋናው ቆጥሮ እውነተኛ ደንበኞችን ዕዳ መጠየቅ ይጀምራል። በቅርብ ጊዜዎቹ የኦዱ እትሞች ግልባጭ ሲወሰድ ሰርቨሩን የሚያመክን ምርጫ አለ፤ እርሱ በሌለበት ሶፍትዌር ደግሞ ግልባጩ ሥራ ከመጀመሩ በፊት የወጪ ሰርቨሩን በእጅ መዝጋት ያስፈልጋል።