የንጉሣዊው ዘንዶ ቀለሞች፦ አሰያየማቸውና አመዳደባቸው

ንጉሣዊው ዘንዶ ከሴኔጋል እስከ ኡጋንዳ ባለው የአፍሪካ ክፍል የሚኖር፣ መርዝ የሌለው፣ አድጎም ብዙውን ጊዜ ከአንድ ሜትር ተኩል የማይበልጥ እባብ ነው። በኢትዮጵያ ቆላማ ስፍራዎች የሚታወቀው ግዙፉ የአፍሪካ ዘንዶ ዘመዱ ቢሆንም ይህኛው ጠባዩ ገር ነው፤ ሲደነግጥ ራሱን መሀል ደብቆ ይድቦለቦላል። የተፈጥሮ መልኩ በጥቁር ቡናማ መደብ ላይ ወርቃማ ቡናማ ነቁጥ የተጣለበት ነው። በአሜሪካና በአውሮፓ አርቢዎች ቤት ግን ዛሬ ድፍን ነጭ፣ ድፍን ጥቁር፣ ደማቅ ቢጫ፣ ግማሽ አካሉ ነጭ የሆነ ዘንዶ ይፈለፈላል። አርቢዎቹ እነዚህን የቀለምና የንድፍ ዓይነቶች ሞርፍ ይሏቸዋል። ከነቅይጦቻቸው ቁጥራቸው በሺህ የሚቆጠር በመሆኑ፣ ስማቸውንና ምድባቸውን ማወቅ ራሱን የቻለ ዕውቀት ሆኗል።

የዚህ ሥራ መነሻ ሌላ እባብ ነበር። በ1953 (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በአሜሪካ ሰሜን ካሮላይና ዱር የተያዘ አንድ ነጣ ያለ፣ ኮርን ስኔክ ከተባለው የእባብ ዝርያ የሆነ ወንድ ዶክተር በርናርድ ቤክቴል እጅ ገባ። ከእርሱ ዘር በ1961 አልቢኖ (ጥቁር ቀለም የጎደላቸው) ልጆች ተፈለፈሉና የቀለሙ ለውጥ በዘር የሚወረስ መሆኑ ተረጋገጠ። ለንጉሣዊው ዘንዶ ይህ ቀን የመጣው በ1992 ነው፤ በዚያ ዓመት አሜሪካዊው አርቢ ቦብ ክላርክ አልቢኖውን በሰው እጅ ማራባት ቻለ። በ1997 ነጭና ባለቀለም ቆዳ የተቀላቀለበት ፓይቦልድ እና ቀለሙ ፈካ ያለው ፓስቴል ተከተሉ። የአብዛኞቹ ሞርፎች የመጀመሪያ ወላጅ ከጋና፣ ከቶጎና ከቤኒን ለንግድ ከተላኩት እጅግ ብዙ ዘንዶዎች መካከል በመልኩ ለየት ብሎ የተገኘ አንድ እባብ ነው። በሩቅ አገር የሚሸጠው ውበት ምንጩ የምዕራብ አፍሪካ ሣርና ምስጥ ኩይሳ መሆኑ ሊዘነጋ አይገባም።

በአገራችን ገበያ ዶሮ ገብስማ፣ ወሰራ ወይም ዛጎልማ ስትባል ስሙ የሚናገረው ዓይን ያየውን ላባ ብቻ ነው፤ ጫጩቶቿ ምን እንደሚመስሉ ማንም ከስሟ አይጠብቅም። የዘንዶ አርቢ ግን ከስሙ የሚጠብቀው ይህንኑ ነው። መልኩ የተለየ ግልገል ስለተፈለፈለ ብቻ አዲስ ሞርፍ ተገኘ አይባልም፤ እንቁላሉ የቆየበት ሙቀት ሲዛባም ንድፉ ሊበላሽ ይችላልና። ባሕርዩ ወደ ልጆች መተላለፉ በእርባታ መታየት አለበት። ድብቅ ባሕርይ ከሆነ ደግሞ የመጀመሪያው ትውልድ ምንም ምልክት ስለማያሳይ፣ ሴት ልጆቹን አሳድጎ ከአባታቸው ጋር መልሶ ማዳቀል ያስፈልጋል። ሴቷ ለመራባት ዓመታት ስለሚፈጅባት ይህ ትዕግሥት የሚጠይቅ ሥራ ነው። በእኔ አስተያየት የዚህ ሙያ ክብር ያለው እዚህ ላይ ነው፤ ከማረጋገጫው በፊት የወጣ ስም ገዢን ከማሳሳት አያልፍም።

የተረጋገጡት ባሕርያት በአወራረሳቸው ይመደባሉ። አልቢኖ፣ ፓይቦልድና ክላውን ድብቅ ናቸው፤ የሚታዩት ግልገሉ የተለወጠውን ዘረመል ከሁለቱም ወላጆቹ ሲወርስ ብቻ ነው። ከአንዱ ብቻ የወረሰው ተሸካሚ ይባላል፤ መልኩም የተለመደው ነው። ሁለት ተሸካሚዎች ሲዳቀሉ በአማካይ ከአራት ግልገሎች አንዱ ቀለሙን ያሳያል። ከቀሩት ሦስቱ ሁለቱ ተሸካሚዎች ስለሆኑ አርቢዎች እያንዳንዱን «66 በመቶ ተሸካሚ ሊሆን የሚችል» ብለው ይሸጡታል። ፓስቴልና ሞሃቪ በሌላ ምድብ ናቸው፤ አንድ ቅጂ ሲገኝ መልኩ ይለወጣል፣ ሁለት ቅጂ ሲገኝ ደግሞ ለውጡ በርትቶ ሱፐር የሚባለው ይወጣል። አርቢዎች ይህን ሁኔታ ኮዶሚናንት ሲሉት ኖረዋል፤ በሥነ ሕይወት ቋንቋ ግን ትክክለኛ ስሙ ያልተሟላ አውራነት ነው።

ነገሩ የሚወሳሰበው መልክና ዘር ሳይገጥሙ ሲቀሩ ነው። ለዚህ ከሁሉ ግልጹ ምሳሌ ሌኦፓርድ ጌኮ የተባለው እንሽላሊት ነው፤ በ1990ዎቹ ትሬምፐር፣ ሬይንወተርና ቤል የተባሉ ሦስት የአልቢኖ መስመሮች፣ ማለትም የዘር ሐረጎች፣ ተገኙለት። ሦስቱን ለይቶ ማወቅ ለዓይን ያስቸግራል። ሆኖም ትሬምፐርን ከቤል ጋር ያዳቀለ ሰው አንድም አልቢኖ አያገኝም፤ ልጆቹ ሁሉ መልካቸው የተለመደ፣ የሁለቱንም ባሕርይ በድብቅ የተሸከሙ ይሆናሉ። መስመሮቹ ሳይመዘገቡ ሲደባለቁ የሚከተለው ግራ መጋባት ለትውልድ ይተርፋል፤ ስለዚህ የመስመሩ ስም ከሞርፉ ስም ጋር መጻፍ አለበት። ቢጫ ቀለም የጎደለው አክሳንቲክ ንጉሣዊ ዘንዶም እንዲሁ የማይገጣጠሙ በርካታ መስመሮች አሉት።

ተቃራኒውም አለ። ሌሰር፣ በተር፣ ሞሃቪ፣ ሚስቲክና ፋንተም በተለያዩ አርቢዎች እጅ የተገኙ፣ የየራሳቸው ስም ያላቸው ናቸው። ሲዳቀሉ ግን የአንድ ዘረመል ልዩ ልዩ ቅርጾች መሆናቸው ታየ፤ ሌሰር ከሌሰር ወይም ከበተር ጋር ሲገጥም ዓይኑ ሰማያዊ የሆነ ነጭ ዘንዶ ይወለዳል። የሎው ቤሊ የሚባለው ወገንም ተመሳሳይ ነው፤ ግራቭል ከተባለው ጋር ሃይዌይ፣ አስፋልት ከተባለው ጋር ፍሪዌይ የሚባል ቅይጥ ይሰጣል። አንድ ግልገል ከእንዲህ ያለ ወገን ከሁለት ቅርጽ በላይ ሊይዝ ስለማይችል፣ ወገኑን ያላወቀ አርቢ የማይገኝ ቅይጥ ሲጠብቅ ዓመታት ያባክናል።

የቅይጦች ስም አወጣጥ ለንግድ ያደላ ነው። ፓስቴልና ስፓይደር ሲቀላቀሉ ባምብልቢ፣ ሱፐር ፓስቴልና ስፓይደር ሲቀላቀሉ ኪለር ቢ ይባላል። ስሙ ያምራል፤ የወላጆቹን ባሕርይ ግን ይሸፍናል። ዘረመሎቹን አንድ በአንድ የሚዘረዝር ስም ረጅምና ደረቅ ቢሆንም ለገዢውም ለእንስሳውም ይበጃል። በኮርን ስኔክ ዘንድ ደግሞ ኦኪቲ የሚለው ስም የደቡብ ካሮላይና ቦታ መጠሪያ ነው፤ በአንድ ዘረመል ላይ ሳይሆን በምርጫ እርባታ ላይ የቆመ ስለሆነ በሌላ መዝገብ መቀመጥ ይገባዋል።

አርቢዎች ሳይንስን የቀደሙበት ጊዜም አለ። ባናና የተባለው ሞርፍ አወራረስ ከጾታ ጋር የተያያዘ መሆኑን ያስተዋሉት እነርሱ ናቸው፤ ባናናነትን ከአባቱ የወረሰ ወንድ በአብዛኛው ባናና ወንዶችን፣ ከእናቱ የወረሰው ደግሞ ባናና ሴቶችን ይወልዳል። በዚያን ጊዜ የመማሪያ መጻሕፍት በእባቦች ዘንድ ሁለት ዓይነት የጾታ ክሮሞዞም የምትይዘው ሴቷ ናት ይሉ ነበር፤ የባናና መዝገብ ግን የሚያመለክተው ወንዱን ነበር። በ2017 የታተመ ጥናት ቦአ በተባሉት እባቦችና በዘንዶዎች (ፓይተን) ዘንድ እንደ ሰው ሁሉ ሁለቱን የሚይዘው ወንዱ መሆኑን አሳየ።

ቀለም ብቻውን የማይመጣበት ጊዜ መኖሩ ደግሞ በየስሙ ሥር ሊጻፍ የሚገባው ጉዳይ ነው። በ1999 ከአፍሪካ በገባ እባብ የጀመረው ስፓይደር ጭንቅላቱን ያንቀጠቅጣል፣ ሚዛኑን ይስታል፤ በ2022 የወጣ ጥናት የውስጥ ጆሮው አፈጣጠር የተዛባ መሆኑን አረጋግጧል። ሌመን ፍሮስት የተባለው ሌኦፓርድ ጌኮ በብዙዎቹ ላይ ነጫጭ ዕጢዎች ያበቅላል፤ በ2021 ተመራማሪዎች ምክንያቱን ስፒንት1 ከተባለ ዘረመል ጋር አያይዘውታል። እንስሳውን ለሕመም የሚዳርግ ሞርፍ በውበቱ ብቻ እየተጠራ መራባቱ አግባብ አይደለም።

የሞርፎቹ ዘረመል በቤተ ሙከራ መታወቅ የጀመረው በቅርቡ ነው። በ2022 በአሜሪካ የወጣ ጥናት አርቢዎች በላኩት የተገፈፈ ቆዳ ተጠቅሞ አልቢኖን ከታይሮሲኔዝ፣ ላቬንደር አልቢኖን ከኦካ2፣ አልትራሜልን ከቲርፕ1 ዘረመል ጋር አገናኘ። በ2023 ፓይቦልድ ቲፌክ ከሚባለው ዘረመል ጋር መያያዙ ታወቀ። አሁን አንድ ግልገል የእነዚህ ባሕርያት ተሸካሚ መሆኑን ከጣለው ቆዳ መርምሮ ማወቅ ይቻላል። ዘረመላቸው ገና ላልተለየ ሞርፎች ግን ማረጋገጫው ዛሬም እርባታውና በጥንቃቄ የተያዘ የዘር መዝገብ ነው።