ሮክ ኤንድ ሮል ምንድን ነው? ጊታሩን ለጊዜው እናስቀምጠው

ሰሞኑን ደግሞ አንድ ተንታኝ «ጊታሩ ካልጮኸ ምኑን ሮክ ኤንድ ሮል ሆነ?» ሲል ተሰማ። እሺ፤ ታዲያ ፋትስ ዶሚኖን ምን እናድርገው? ሊትል ሪቻርድንስ? ጄሪ ሊ ሉዊስንስ? ሦስቱም ፒያኖ ላይ የተቀመጡ የሮክ ኤንድ ሮል ሰዎች ናቸው። በ1950ዎቹ መጀመሪያ (ቀኖቹም ዓመቶቹም ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ናቸው) በወጡት ሸክላዎች ላይ ዘፋኙ ሲያርፍ ብድግ የሚለው መሣሪያ አብዛኛውን ጊዜ ሳክስፎን ነበር። በ1951 ሜምፊስ ውስጥ የተቀዳውን «ሮኬት 88» የተባለ ዘፈን ሰዎች ስለ ጊታሩ ሻካራ ድምፅ ያነሡታል። ድምፁ የመጣው በመንገድ የተጎዳ አምፕሊፋየር ውስጥ ወረቀት ስለተጠቀጠቀ ነው ይባላል። እዚያም ቢሆን ጊታሩ የቤዙን መስመር ይዞ ነው የሚሄደው፤ ሶሎው የሳክስፎን ነው። በነገራችን ላይ ሸክላው ላይ የተጻፈው የጃኪ ብሬንስተን ስም ቢሆንም ባንዱ የአይክ ተርነር ነው። የዚያን ዘመን ሸክላ ጽሑፍ አይታችሁ ማን ምን እንደተጫወተ አትፍረዱ።

ዘፈኑ ስለሚዞርበት ቅርጽ፣ ስለ 12 ባር ብሉዝ አላብራራም፤ ሦስት ኮርድ ነው፣ የሚታወቅ ነው። ሮክ ኤንድ ሮልን ሮክ ኤንድ ሮል ያደረገው ምቱ የሚያርፍበት ቦታ ነው።

ሁለት ሴቶች አንድ ሙቀጫ ላይ በርበሬ ሲወቅጡ አስቡ። አንዷ ዘነዘናዋን ስታነሣ ሌላዋ ታሳርፋለች። የመጀመሪያዋ ባስ ድራሙ (በእግር የሚመታው ትልቁ ከበሮ) ናት፤ ከአራቱ ምቶች 1 እና 3 ላይ ትመታለች። ሁለተኛዋ ስኔሩ (በዱላ የሚመታው ትንሹ ከበሮ) ናት፤ 2 እና 4 የእሷ ናቸው። በቀደመው የዳንስ ሙዚቃ ሁለተኛዋ ለወጉ ያህል ነካ ነው የምታደርገው። ሮክ ኤንድ ሮል ላይ ግን ከጓደኛዋ አስበልጣ ታወርደዋለች፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ። «ከመጀመሪያ» የምትለዋ ቃል ወሳኝ ናት። በኒው ኦርሊንስ የጃዝ ባንዶች ዘንድ ይህ ከባድ ምት የሚመጣው ዜማው ሊያልቅ ሲል፣ ሁሉም ባንድነት ሲጮኹ ነበር። ድራመሩ ኧርል ፓልመር በታኅሣሥ 1949 የፋትስ ዶሚኖን «ዘ ፋት ማን» ሲቀዱ ያንኑ የመጨረሻ ምት ከመግቢያው ጀምሮ አመጣው። በጥቁሮች ጴንጤ አብያተ ክርስቲያናት ምእመኑ ከዚያ አስቀድሞም 2 እና 4 ላይ ያጨበጭብ ነበር።

ይህ «ሮክ» የሚለው ክፍል ነው እንበል። «ሮል» የሚባለው በምቶቹ መካከል ያለው መንከባለል ነው፤ ትንታኔ ሰጪዎች ሁሉ የሚዘሉትም ይህንኑ ነው። በደቂቃ 160 ምት በሚሄድ ዘፈን ላይ አንድ ምት 375 ሚሊሰከንድ ይፈጃል። ለሁለት እኩል ከተከፈለ 187.5 እና 187.5 ይሆናል። በድሮው የሻፍል አካሄድ ግን አንካሳ ነው፦ 250 እና 125። ከእኩሉ ያለው ልዩነት ከ63 ሚሊሰከንድ አይበልጥም፤ እግር ግን ወዲያው ያውቀዋል። ሊትል ሪቻርድ በ1955 ፒያኖውን በቀኝ እጁ እኩል እኩል ሲደበድብ፣ ሻፍል የለመደው ያው ፓልመር ወደ እሱ መጠጋት ግድ ሆነበት። የቸክ ቤሪን «ጆኒ ቢ ጉድ» ስሙ፦ ጊታሩ እኩል ይሄዳል፣ ድራሙ ከሥር ያነክሳል። ወደ ሙቀጫው ስንመለስ፣ አንዷ ወቃጭ ቀጥ ብላ፣ ሌላዋ እያነከሰች ትወቅጣለች፤ ዘነዘናዎቹ ሊጋጩ ለጥቂት ይተላለፋሉ። ያ «ለጥቂት» ነው ሰውን ከወንበሩ የሚያስነሣው። የዛሬ ባንዶች ሲደግሙት የሚበላሸውም እዚሁ ላይ ነው፤ ኮምፒውተር ላይ ሁሉንም ምት መስመር ያስይዙታል፣ በርበሬው ይደቃል፣ የሚጨፍር ግን የለም። የስዊንግ መጠኑ (ከአንድ ምት የመጀመሪያው ክፍል የሚይዘው ድርሻ) 50 በመቶ ከሆነ እኩል፣ 67 ገደማ ከሆነ ሙሉ ሻፍል ነው። ድራሙን ከ55 እስከ 60 አድርጋችሁ ጊታሩን 50 ላይ ተዉት።

«ኤልቪስ ፈጠረው» ለሚሉት ደግሞ፦ ሐምሌ 5 ቀን 1954 የተቀዳው የመጀመሪያ ሸክላው ላይ ጭራሽ ድራም የለም። ቢል ብላክ የቆመውን ቤዝ ገመዱን እየሳበ በመዳፉ እንጨቱን በመምታት ሁለቱንም ዘነዘና ለብቻው ይዟል። ዘፈኑም አርተር ክሩደፕ በ1946 የቀዳው ነው። ስሙም ቢሆን አዲስ አልነበረም፤ የብሉዝ ዘፋኟ ትሪክሲ ስሚዝ በ1922 «ሮክ»ንም «ሮል»ንም በአንድ ዘፈን ርእስ ውስጥ አስገብታቸዋለች፣ ትርጉማቸውም የአልጋ ጉዳይ ነበር። የሬዲዮ አቅራቢው አለን ፍሪድ ከ1951 ጀምሮ በክሊቭላንድ ሬዲዮ ቃሉን ለነጭ ወጣቶች አስለመደ። ሙዚቃው ግን ሪትም ኤንድ ብሉዝ ተብሎ ሲሸጥ የቆየው ያው የጥቁሮች ሙዚቃ ነበር።

በ1960ዎቹ እኩሉ ምት አሸነፈ፣ መንከባለሉ ቀረ፣ «ሮል» ከስሙም ወደቀ። ስለዚህ ሮክ እና ሮክ ኤንድ ሮል አንድ አይደሉም። የእኛን ዓለማየሁ እሸቴን «የኢትዮጵያ ኤልቪስ» ብለው፣ መልሰው «የኢትዮጵያ ጄምስ ብራውን» የሚሉትም ይህን ቢያስቡበት ጥሩ ነው፤ ጄምስ ብራውን ከ1960ዎቹ አጋማሽ ወዲህ ክብደቱን ወደ 1ኛው ምት የመለሰ ሰው ነው።

ለመለየት አጨብጭቡ። 1 እና 3 ላይ ስታጨበጭቡ ዘፈኑ ወታደራዊ ሰልፍ ከመሰላችሁ፣ እጃችሁን አንድ ምት አዘግዩት። ችክችካ ላይ ግን አትሞክሩት፤ እሱ በስድስት ስምንተኛ ስለሚቆጠር 2 እና 4 ፍለጋ ትደክማላችሁ።