አንድምታዊ ጥያቄ ምንድን ነው?

እስቲ ይህቺን አንብቡ፦ «ዝምቡላዋ ትናንት ሁለት ግርምጦ ለጠፈነች።»

ማን ለጠፈነች? ዝምቡላዋ። ስንት ግርምጦ? ሁለት። መቼ? ትናንት። ሦስት ከሦስት አገኛችሁ። ግን ምን ገባችሁ? ምንም። ቃላቱን እኔ ነኝ የፈጠርኳቸው።

ክፍል ውስጥ ከምንባብ በኋላ የምንጠይቀው አብዛኛው ጥያቄ እንዲህ ያለ ነው። ቀጥተኛ ጥያቄ ይባላል። መልሱ ምንባቡ ላይ ቁጭ ብሏል፤ የተማሪው ሥራ ፈልጎ መገልበጥ ነው። ጥቅም የለውም አልልም፤ ታሪኩን ለመያዝ ይረዳል። እዚያ ላይ ስናቆም ግን ያልገባውን ልጅ ገብቶታል ብለን እናልፈዋለን። ይሄ በጣም ያሳስበኛል።

የአንድምታዊ ጥያቄ መልስ የትኛውም ዓረፍተ ነገር ውስጥ ተጽፎ አይገኝም። ተማሪው ምንባቡ የሰጠውን ፍንጭ ራሱ ከሚያውቀው ነገር ጋር ማገናኘት አለበት። ቃሉ የቤተ ክርስቲያን ሊቃውንት መጻሕፍትን «አንድም» እያሉ ከሚተረጉሙበት ስልት የመጣ ነው።

እዚህ ድሬዳዋ ለተማሪዎቼ የጻፍኳት አጭር ምንባብ አለች። ደቻቱ ከተማችንን የሚያቋርጥ፣ አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ የሆነ አሸዋማ ወንዝ ነው፤ ደንገጎ ደግሞ ከከተማው በላይ ያለው ተራራ፦

«ማምሻው ላይ ነው። ከተማው ላይ አንድ ጠብታ አልወረደም። ደቻቱ አሸዋ ላይ የተቀመጠችው ሽንኩርት ሻጭ ወደ ደንገጎ በኩል ቀና ብላ አየች። ወዲያው ሽንኩርቷን ማዳበሪያ ውስጥ አግበስብሳ ተነሳች። ‹ቶሎ በሉ!› አለች አጠገቧ ላሉት።»

«ምን ትሸጣለች?» ስል ክፍሉ በአንድ ድምፅ «ሽንኩርት!» አለ። «ለምን ተነሳች?» ስል ጭጭ። ቆይቶ አንዱ «መሽቶባት ነው ቲቸር» አለ። ተሳስተሃል አላልኩትም፤ «ማምሻው ላይ» የሚለውን ይዞ ነው። «መሽቶባት ከሆነ ደንገጎን ለምን አየች?» አልኩ። ከኋላ ወንበር አንዲት ልጅ ብድግ ብላ «ላይ ዘንቧል! ጎርፍ ሊመጣ ነው!» አለች።

«ጎርፍ የሚል ቃል አለ?»

«የለም። ግን ጠብታ አልወረደም ይላል፤ እሷ ደግሞ ተራራውን አየች። ደቻቱ እኮ እዚህ ሳይዘንብም ይመጣል!»

ያቺ ልጅ አንብባለች። የ1998ቱ ክረምት ጎርፍ ሲመጣ አልተወለደችም፤ ከቤተሰቦቿ ግን ሰምታለች። ዕውቀቱ ውስጧ ነበር፣ ጥያቄው አወጣው። በቅርብ ከሌላ አካባቢ የመጣ ልጅ ይህን ባያውቅ ንባብ አይችልም ማለት አይደለም። ስለ ወንዙ አስቀድሞ ሁለት ደቂቃ ማውራት ይበቃዋል።

«ከየት አገኘሽው?» የሚለውን ሁለተኛ ጥያቄ አደራ እንዳትዘሉት። ያለ እሱ ልጆች የመጣላቸውን ይገምታሉ። መልሱ ከምንባቡ ማስረጃ ሲኖረው ነው አንድምታ የሚባለው። ሁለት ልጆች የተለያየ መልስ ይዘው ሁለቱም ማስረጃ ካቀረቡ ደግሞ ክርክሩን ተዉላቸው።

ሌላው ነገር ትዕግሥት ነው። ሜሪ በድ ሮው የተባለች አሜሪካዊት ተመራማሪ፣ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1970ዎቹ ባሳተመችው ጥናት፣ መምህራን ከጠየቁ በኋላ መልስ የሚጠብቁት አንድ ሰከንድ ያህል ብቻ እንደሆነ አሳይታለች። ወደ 3 ሰከንድና ከዚያ በላይ ሲያደርሱት የልጆቹ መልስ ረዘመ፤ ዝም ይሉ የነበሩትም መናገር ጀመሩ። ጥናቱ የሳይንስ ክፍሎች ላይ ቢሆንም ለንባብም ይሠራል። ሙቀት ባለበት፣ ተማሪ በተጨናነቀበት ክፍል 3 ሰከንድ ዝም ማለት ቀላል እንዳይመስላችሁ። እኔ በልቤ እቆጥራለሁ። ቤታቸው ኦሮምኛ ወይም ሶማልኛ የሚያወሩት ልጆች ደግሞ መጀመሪያ ከጎናቸው ካለው ጋር በሚቀላቸው ቋንቋ ይነጋገራሉ፤ ከዚያ በአማርኛ ይመልሳሉ።

እንዲህ ያለ ጥያቄ ሰሌዳ ፊት ቆሞ ድንገት አይመጣም። ማታውኑ እርሳስ ይዤ ምንባቡ ጠርዝ ላይ እጽፈዋለሁ። መልሱን አንዲት መስመር ላይ ጣቴን ቀስሬ ማሳየት ከቻልኩ አጥፍቼ ሌላ እጽፋለሁ።