ሮሚንግ በጣና ዳር፦ ስልክ እንግዳ ሲሆን

ሮሚንግ አንድ ስልክ የራሱ ኩባንያ ማማ በሌለበት አገር በሌላ ኩባንያ ማማ ተጠግቶ የሚሠራበት አገልግሎት ነው። ይህ የሚሆነው ሁለቱ ኩባንያዎች አስቀድመው ከተዋዋሉ ብቻ ነው። የመጀመሪያው ዓለም አቀፍ የሮሚንግ ውል በፊንላንድና በብሪታንያ ኩባንያዎች መካከል የተፈረመው እ.ኤ.አ. በ1992 ሲሆን፣ ኢትዮጵያ ውስጥ የሞባይል አገልግሎት የተጀመረው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1999 ነው።

ባሕር ዳር ዓባይ ከጣና ሐይቅ በሚወጣበት አፍ ላይ፣ ከየትኛውም ድንበር ራቅ ብላ የተቀመጠች ከተማ ናት። ነዋሪዋ ከቀበሌ 14 እስከ ጢስ ዓባይ ቢዘዋወር ሮሚንግ አይመለከተውም፤ ስልኩ ላይ ያለው የሮሚንግ ማብሪያ በስህተት በርቶ ቢቆይ እንኳን በራሱ ኔትወርክ ላይ እስካለ ድረስ ተጨማሪ ክፍያ አይመጣበትም። ጉዳዩ የሚነሣው ሰው ሲወጣና ሰው ሲመጣ ነው። ለንግድ ወደ ዱባይ፣ ለሥራ ወደ ሳዑዲ ዓረቢያ፣ ለትምህርት ወደ አውሮፓ የሚሄድ አለ። ለጥምቀት፣ ለገዳማቱ ወይም ለዘመድ ጥየቃ የውጭ ሲም ካርድ ይዞ የሚመጣም አለ።

በሁለቱም ወገን የማየው ስህተት አንድ ነው። ሰው ሮሚንግን እንደ አንድ አምፖል ያየዋል፤ ይበራል ወይም ይጠፋል ብሎ ያምናል። ስለ ከባድ ሂሳብ ከሰማ በኋላ ደግሞ ፈርቶ ሲም ካርዱን ነቅሎ ቦርሳ ውስጥ ይከታል። እኔም በመጀመሪያው የውጭ ጉዞዬ ያደረግሁት ይህንኑ ነው። በሦስተኛው ቀን ከባንክ ሂሳቤ ገንዘብ ላዘዋውር ስል የማረጋገጫ ቁጥሩ የሚላከው ወደዚያው ወደ ነቀልሁት ሲም ሆኖ አገኘሁት። ስልኩ ላይ «ዳታ ሮሚንግ» የሚለው ማብሪያ የሚቆጣጠረው ኢንተርኔቱን ብቻ ነው። እርሱ ጠፍቶም ሲሙ በስልኩ ውስጥ እስካለና አገልግሎቱ እስከ ተከፈተ ድረስ ጥሪና አጭር መልእክት ይሠራሉ። በአብዛኞቹ ኩባንያዎች ዘንድ አጭር መልእክት መቀበል ክፍያ የለውም። ለአብዛኛው ተጓዥ ትክክለኛው ቅንብር እንግዲህ ይህ ነው፦ ሲሙ በቦታው ይቆይ፣ ዳታ ሮሚንግ ይጥፋ፣ ለኢንተርኔት ዋይፋይ ወይም የሄዱበት አገር ሲም ይግባ።

ከጀርባ ያለውን አሠራር ማወቅ ክፍያው ከየት እንደሚመጣ ያሳያል። እያንዳንዱ ሲም ካርድ እስከ 15 አሃዝ የሚደርስ መለያ ቁጥር አለው። የመጀመሪያዎቹ 3 አሃዞች አገሩን ያመለክታሉ፤ የኢትዮጵያ 636 ነው። ቀጥሎ ያሉት ኩባንያውን ይለያሉ፤ 01 ኢትዮ ቴሌኮም፣ 02 ደግሞ ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ ነው። ስልኩ ዱባይ ላይ ሲከፈት የዚያ አገር ኔትወርክ ይህን ቁጥር አይቶ «ደንበኛህ ነው ወይ? ምን ተፈቅዶለታል?» ሲል አዲስ አበባ ያለውን የሲሙን ኩባንያ ይጠይቃል። መልሱ አዎንታ ከሆነ ስልኩ ይመዘገባል። ከዚያ በኋላ እናት ከባሕር ዳር ለልጇ በተለመደው ቁጥሩ ብትደውልለት፣ ጥሪው መጀመሪያ የሚሄደው ወደ አገር ቤት ኩባንያ ነው። ለእርሷ የአገር ውስጥ ጥሪ ስለሆነ የምትከፍለው የተለመደውን ነው። ከአዲስ አበባ ዱባይ ድረስ ያለውን መንገድ የሚከፍለው የተደወለለት ልጅ ነው። ውጭ አገር ስልክ ማንሣት ብቻውን ገንዘብ የሚያስወጣው ለዚህ ነው። ኢንተርኔቱም ብዙውን ጊዜ እንዲሁ ወደ አገር ቤት ዞሮ ስለሚመለስ የሚንቀራፈፈው የኔትወርኩ ምልክት ሙሉ ሆኖ እያለ ነው።

ከባሕር ዳር የሚነሣ ሰው ሥራውን መጨረስ ያለበት አውሮፕላን ከመሳፈሩ በፊት ነው። አገልግሎቱ ለቁጥሩ መከፈቱን በኩባንያው የሽያጭ ማዕከል ማረጋገጥ፣ ለሚሄድበት አገር የሮሚንግ ጥቅል ካለ ዋጋውን መጠየቅ፣ ቅድመ ክፍያ ከሆነ በቂ ሂሳብ መሙላት ያስፈልጋል። ሂሳቡ መንገድ ላይ ቢያልቅ ቤተሰብ በቴሌብር ሊሞላለት ይችላል። ወደ አሜሪካ ለሚሄድ ደግሞ አንድ ነገር ይጨመራል። የአሜሪካ ትልልቅ ኩባንያዎች አሮጌውን የ3ጂ ኔትወርክ እ.ኤ.አ. በ2022 ዘግተዋል። በ4ጂ ላይ ድምፅ ማስተላለፍ የማይችል አሮጌ ስልክ እዚያ ምልክት እያሳየ መደወል እምቢ ሊል ይችላል፤ ይህን የሚያስተካክል ቅንብር የለም።

ዳታ ሮሚንግን ማብራት ግድ ከሆነ፣ ቀጥሎ የሚታየው ቴሌግራም ነው። የብዙዎቻችን ስልክ ከማለዳ እስከ ማታ በቴሌግራም ቡድኖች ቪዲዮ ይሞላል፤ የዕድሩ፣ የሰፈሩ፣ የክፍል ጓደኞቹ ቡድን ሁሉ ይልካል። መተግበሪያው ፋይሎችን በራሱ የሚያወርድበት ቅንብር አለው፤ በአንድሮይድ ስልክ ላይ «ዳታና ማከማቻ» በሚለው ክፍል ውስጥ ለሞባይል ዳታ፣ ለዋይፋይና ለሮሚንግ ሦስት የተለያዩ መስመሮች ተቀምጠዋል። የሦስተኛውን መስመር ማጥፋት ጽሑፉ እንዲደርስና ቪዲዮው ሲነካ ብቻ እንዲወርድ ያደርጋል። ዋትስአፕም ተመሳሳይ መስመር አለው። ይህን ትንሽ ማብሪያ ከሌላው ሁሉ አስበልጬ እመክራለሁ፤ ሂሳብ የሚበላው ባለቤቱ የከፈተው ገጽ ሳይሆን ማንም ያልጠየቀው ቪዲዮ ነውና። የመተግበሪያዎች ራስ ሰር እድሳትም በዋይፋይ ብቻ እንዲሆን ማድረግ ተገቢ ነው።

ወደ ባሕር ዳር የሚመጣው እንግዳ ችግሩ ሌላ መልክ አለው። ጀልባዋ ወደ ዘጌ ስትቀዝፍ እንግዳው ስልኩን ያወጣል። በደንገል ታንኳ እንጨት ጭኖ የሚያልፈውን ሰው፣ ከዚያም የኡራ ኪዳነ ምሕረትን የግድግዳ ሥዕሎች እያነሣ ይቀጥላል። እያንዳንዱ ፎቶ ብዙ ሜጋባይት ነው። ስልኩ ማማ ባገኘ ቁጥር ፎቶዎቹን ባለቤቱ ሳያዝዘው ወደ ጎግል ፎቶስ ወይም ወደ አይክላውድ ይልካል። ወደ ሆቴሉ ሲመለስ የሚጠብቀው ከኩባንያው የተላከ የማስጠንቀቂያ መልእክት ነው። በጎግል ፎቶስ ውስጥ በሮሚንግ ጊዜ መላክን ለብቻው ማጥፋት ይቻላል፤ በአይፎን ደግሞ ፎቶዎች የሞባይል ዳታ እንዳይጠቀሙ ይደረጋል።

ከአውሮፓ የሚመጡ ወገኖቻችን ብዙ ጊዜ የሚዘነጉት አለ። በአውሮፓ ኅብረት ውስጥ እ.ኤ.አ. ከሰኔ 2017 ጀምሮ ሮሚንግ በአገር ቤት ዋጋ ሆኗል፤ ያ ደንብ ግን ኢትዮጵያን አይጨምርም። ሁለት ሲም የሚይዝ ስልክ ላለው ሰው መፍትሔው ቀላል ነው። የውጭውን ሲም ለጥሪና ለመልእክት መተው፣ የኢትዮጵያ ሲም ገዝቶ ዳታውን በእርሱ ማድረግ ነው። እዚህ ላይ ጥንቃቄ የሚሻው የአንዱ ሲም ምልክት ሲደክም ስልኩ ዳታውን በራሱ ወደ ሌላው እንዲያዞር የሚፈቅደው ቅንብር ነው፤ መጥፋት አለበት። ያልተነሡ ጥሪዎችን ወደ ድምፅ መልእክት የሚያስተላልፈውንም ከመነሣት በፊት ማጥፋት ይበጃል፤ ጥሪው ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ ተመልሶ ስለሚሄድ መንገዱ ሁለቴ ሊከፈልበት ይችላል።

ሐይቁ ራሱ የራሱ ጠባይ አለው። ጣና ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ይሰፋል፤ ከዳርቻው ርቆ በሄዱ ቁጥር ምልክቱ ይሳሳል። ስልክ ደካማ ማማ ሲፈልግ ኃይሉን ይጨምራልና ባትሪው ቶሎ ያልቃል። ወደ ዳጋ እስጢፋኖስ ወይም ወደ ናርጋ ሥላሴ በሚደረገው ረጅም የጀልባ ጉዞ የአውሮፕላን ሁነታን ማብራት ባትሪውን ለመመለሻ ያቆየዋል። የውጭ ሲም የያዘ ሰው ኩባንያው ከሁለቱም የኢትዮጵያ ኔትወርኮች ጋር ከተዋዋለ፣ አንዱ ሲጠፋ ሌላውን በእጁ መምረጥ ይችላል። ወደ ከተማ ሲመለስ ግን ምርጫውን ወደ «አውቶማቲክ» መመለስ ይኖርበታል፤ ካልመለሰው ስልኩ በእጅ የተመረጠለትን ኔትወርክ ብቻ እየፈለገ ዝም ይላል።

በጎንደር በኩል ወደ መተማ የሚወርድ ነጋዴ ወይም ሹፌር ደግሞ የተለየ ጥንቃቄ ያስፈልገዋል። ማማ ድንበር አያውቅም፤ ድንበር ላይ የሚቆም ስልክ የጎረቤት አገርን ምልክት ሊይዝ ይችላል። ስልኩ ከላይ በኩል የኩባንያውን ስም ቀይሮ የ«R» ፊደል ምልክት ካሳየ እንግዳ ሆኗል ማለት ነው። እዚያ አካባቢ ዳታ ሮሚንግን ማጥፋትና የራስን ኔትወርክ በእጅ መምረጥ ከድንገተኛ ሂሳብ ያድናል።

የስልክ ማውጫውም ከመነሣት በፊት ይታይ። በ09 ወይም በ07 ብቻ የተመዘገበ ቁጥር ከውጭ ሲደወል ላይገባ ይችላል፤ ዜሮው ተነሥቶ +251 ሊቀድመው ይገባል። የባሕር ዳር መደበኛ ስልክም በ058 ሳይሆን በ+251 58 ይመዘገባል።