ግፊትና ውፍረት፦ ከዘር የመጣው የቱ ነው? ከማዕድ የመጣውስ?

ባሕር ዳር ውስጥ ስለ ደም ግፊት ወሬ ሲነሳ አንዱ «የኛ ቤት በሽታ ነው፤ ከዘር ነው» ይላል። ሌላው «እኛ ዘንድ የለም» ብሎ ጨው ይነሰንሳል። ሁለቱም የሚጎድላቸው ነገር አለ። ስለ ውፍረት የሚባለውም ከዚህ አይለይም።

«ከዘር ከመጣ ምን ይደረጋል?»

ዘር ድርሻ አለው፤ አይካድም። በመንትዮች ላይ በተደረጉ ጥናቶች፣ በሰዎች መካከል ከሚታየው የክብደት ልዩነት ከ40 እስከ 70 በመቶ የሚሆነው ከዘረመል ጋር ተያይዟል። ይህ ግን የአንተን ወይም የአንቺን ዕጣ የሚናገር ቁጥር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2007 ከውፍረት ጋር ግንኙነቱ የታወቀውን ኤፍቲኦ የተባለ ዘረመል እንይ። ክብደት የሚጨምረውን ዓይነት ከእናትም ከአባትም የወረሱ ሰዎች፣ ካልወረሱት በአማካይ 3 ኪሎ ያህል ብቻ ይበልጣሉ። የሚሠራውም በአብዛኛው በምግብ ፍላጎት በኩል ነው፤ ሰውየው ቶሎ አይጠግብም። ከ200 ሺህ በላይ አዋቂዎችን ባካተተ ጥናት ደግሞ፣ ሰውነታቸውን በሚያንቀሳቅሱ ሰዎች ላይ የዚህ ዘረመል ጉልበት ከሩብ በላይ ቀንሶ ተገኝቷል። ዘሩ አልተለወጠም፤ ኑሮው ነው የተለወጠው።

«አያቶቻችን ቅቤና ጥሬ ሥጋ በልተው ኖረው የለ?»

ኖረዋል። ግን አርሰዋል፣ ጣና ላይ ታንኳ ቀዝፈዋል፣ ገበያ በእግራቸው ሄደዋል። ቅቤውም በየቀኑ አልነበረም። ዘረመል በሁለት ትውልድ ውስጥ ይህን ያህል አይለወጥም። የሳይክል ከተማ የምትባለው ባሕር ዳር ግን ተለውጣለች፤ ዛሬ ለአሥር ደቂቃ መንገድ ባጃጅ እንይዛለን። ዘይቱ፣ ስኳሩ፣ ለስላሳው የዕለት ምግብ ሆኗል። የአያቶቻችንን ሰውነት ይዘን የእነሱን ድካም ትተናል።

«ቤተሰቤ ውስጥ ግፊት የለም፤ ጨው አይነካኝም»

ጨው ሁሉንም እኩል አይጎዳም፤ ይህ እውነት ነው። የአንዳንዱ ሰው ኩላሊት ጨውን ቶሎ አያስወግድም፤ ለዚህም ዘር አስተዋጽኦ አለው። ዕድሜ ሲጨምር ግን ብዙዎቻችን ወደዚያው እንሄዳለን። እ.ኤ.አ. በ2001 የወጣ የአሜሪካ ጥናት፣ ጨው የቀነሰና አትክልትና ፍራፍሬ የበዛበት ምግብ ግፊት ባለባቸው ሰዎች ላይ የላይኛውን ቁጥር በ11.5 ያህል እንዳወረደ አሳይቷል። ግፊት በሌለባቸውም በ7 ያህል ወርዷል። የዓለም ጤና ድርጅት ለአንድ አዋቂ በቀን ከ5 ግራም በታች ጨው ይመክራል፤ ይህ አንድ የሻይ ማንኪያ አይሞላም። እኛ ቤት በርበሬው፣ ሽሮው፣ አዋዜው ድስት ሳይደርሱ ጨው አላቸው። ከዚያ ላይ ነው የምንጨምረው።

«ጣና ዳር ነን፤ አሳ እንበላለን»

አሳ ጥሩ ነው። ዘይት ውስጥ ተጠብሶ፣ ጨው ተነስንሶበት፣ በዳቦ ሲበላ ግን ሌላ ምግብ ነው። ወጡ ወይም ጉላሹ፣ ዘይቱና ጨው ካነሰ፣ ይሻላል።

«ቀጭን ነኝ»፣ «ራሴን አያመኝም» የሚሉም አሉ። ቀጭንም ግፊት ይይዘዋል፤ ግፊት ደግሞ ብዙ ጊዜ ምልክት የለውም። በተደጋጋሚ ተለክቶ 140/90 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ሐኪም ጋ መሄድ ነው።

«ጨው የሌለው ወጥ ለእማማ ብቻ ነው»

እኔን ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ ይሄኛው ነው። እናት ግፊት ሲገኝባት ለብቻዋ ትንሽ ድስት ይጣዳል። ልጆቿ ከትልቁ ይበላሉ። ነገር ግን የእሷን ዘር የወረሱት እነሱ ናቸው! ከትንሹ ድስት መብላት የሚገባቸው ገና ሳይታመሙ ነው። ጨውን በአንድ ቀን መቁረጥ አያስፈልግም፤ ቀስ በቀስ ይቀነስ፣ ምላስ በጥቂት ሳምንታት ይለምዳል። እናትየው ስትለካ ልጆቿም አብረው ይለኩ። የእሷ ኪኒን ግን ወጡ ተስተካከለ ተብሎ ያለ ሐኪም ፈቃድ አይቆምም።