የማይለቅ ጭርት፦ በሽታውን የሚያከርሙ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ጠርዙ ቀላ ብሎ ከፍ ያለ፣ መሐሉ የጠራ፣ የሚያሳክክ ክብ ነገር ገላ ላይ ሲወጣ አብዛኞቻችን ጭርት ነው ብለን ከፋርማሲ ቅባት እንገዛለን። ብዙ ጊዜም በዚያው ይድናል። በሞቃታማ አገሮች ግን ለወራት፣ አንዳንዴም ለዓመታት የማይለቅ፣ ጠፋ ሲሉት የሚያገረሽ ጭርት እየበዛ መጥቷል። በቅርብ ዓመታት በተለይ ከሕንድ የወጡ ጥናቶችን ያነበበ ሰው አንድ ነገር ሳያስተውል አያልፍም፤ ፈንገሱን ሥር የሚያሰድደው ሙቀቱና ላቡ ብቻ ሳይሆን ስለ በሽታው የምናምነውና በዚያ እምነት የምንቀባው ነገር ጭምር ነው። ጉዳታቸው የከፋውን እምነቶች አንድ በአንድ እንያቸው። (ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

«ጭርት የቆሻሻ በሽታ ነው»

አይደለም። ጭርትን የሚያመጡት ፈንገሶች ዴርማቶፋይት ይባላሉ፤ የሚመገቡትም ኬራቲን የተባለውን ፕሮቲን ነው። ኬራቲን የላይኛው የቆዳ ሽፋን፣ የፀጉርና የጥፍር መሥሪያ ስለሆነ በቀን ሦስት ጊዜ የሚታጠብ ሰውም ፈንገሱ የሚፈልገውን አላጣም። በሽታው ከታመመ ሰው፣ ከድመት፣ ከውሻ ወይም ከጥጃ ይተላለፋል፤ ማበጠሪያ፣ ፎጣ፣ ባርኔጣና የጋራ ፍራሽም ያዛምቱታል። እርጥበት ይመቸዋል። ሁለት ጊዜ ታጥቦ በእግር ጣቶቹ መሐል ያለውን ውኃ ሳያደርቅ የላስቲክ ጫማ የሚያደርግ ሰው፣ ከማይታጠበው ይልቅ ለእግር ፈንገስ ሊጋለጥ ይችላል።

ይህ እምነት የሚጎዳው ኀፍረትን ስለሚያመጣ ነው። ያፈረ ሰው ይደብቃል። እናት የልጇን ራስ በኮፍያ ትሸፍናለች፣ ቆዳውን በልብስ ሳሙና ትፈገፍጋለች። የተላጠው ቆዳ ለፈንገሱ ይበልጥ ይከፈትለታል፣ አብረው የሚተኙት ወንድምና እህትም ሳይመረመሩ ይቀራሉ።

«ማሳከኩ ከቆመ ድኛለሁ»

ከሁሉም አመለካከቶች ይህን የከፋው እለዋለሁ፤ ስለዚህ ሰፋ አድርጌ ላስረዳ።

የሚያሳክከንና ቆዳችን የሚቀላው ሰውነታችን ፈንገሱን ሲዋጋ ነው። ቤታሜታሶን፣ ክሎቤታሶልና ሞሜታሶንን የመሰሉ የስቴሮይድ ቅባቶች ይህን ውጊያ ያስቆማሉ። በሁለትና በሦስት ቀን ማሳከኩ ይጠፋል፣ መቅላቱ ይከስማል፣ ሰውየውም መድኃኒቱን ያመሰግናል። ፈንገሱ ግን አንዳች ነገር አልሆነም፤ እንዲያውም የሚከለክለው ስለሌለ ወደ ጎንም ወደ ጥልቀትም ይስፋፋል። ቅባቱ ሲቆም ማሳከኩ ብሶ ይመለሳል። እንደገና ይቀባል። ወራት ሲያልፉ ያ የሚታወቀው የቀለበት ቅርጽ ጠፍቶ ቦታው የተዥጎረጎረ ይሆናል፣ ቆዳውም ይሳሳል፤ ሐኪም እንኳን ቶሎ አይለየውም። በ1968 ሁለት የብሪታንያ ሐኪሞች ይህን መልኩን የለወጠ ጭርት «ቲኒያ ኢንኮግኒቶ» ብለው ሰይመውት ነበር።

በዚያን ጊዜ ብርቅ የነበረው ነገር በሕንድ የሕዝብ ጤና ችግር ሆነ። ስቴሮይድ፣ ፀረ ባክቴሪያና ፀረ ፈንገስ በአንድ ቱቦ ተቀላቅለው በርካሽ ዋጋ፣ ያለ ማዘዣ ተሸጡ። ጭርቱ ብብትን፣ ወገብን፣ ጭንንና ፊትን እያዳረሰ ከአንዱ የቤተሰብ አባል ወደ ሌላው ተላለፈ። የቆዳ ሐኪሞች ማኅበራቸው ለዓመታት ከጮኸ በኋላ በ2018 የአገሪቱ መንግሥት 14 የስቴሮይድ ቅባቶች ያለ ሐኪም ማዘዣ እንዳይሸጡ አዘዘ። የእኛም ከተሞች ፋርማሲዎች ከዚህ ልማድ የራቁ አይደሉም። ቆዳ ያነጣሉ ተብለው ከሚሸጡት ክሬሞችም ብዙዎቹ ጠንካራ ስቴሮይድ አለባቸው፤ ፊቷ ላይ ጭርት የወጣባት ሴት እነዚህን ስትቀባ በሽታውን ሳታውቅ ትመግበዋለች።

ቀላል ጭርት ሲሆን ስቴሮይድ የሌለው ፀረ ፈንገስ ቅባት በቂ ነው። ከሚታየው ጠርዝ ሁለት ሴንቲ ሜትር ያህል አልፎ፣ በአብዛኛው ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ይቀባል፤ ቆዳው ጤነኛ መስሎ ከታየ በኋላም አንድ ወይም ሁለት ሳምንት መቀጠል አለበት። በርካታ ሰው የሚያቋርጠው እዚህ ላይ ነው።

«መድኃኒቱ እንቢ ካለ መጠኑን መጨመር ነው»

በ2020 ተመራማሪዎች በጃፓን ከታከሙ የኔፓልና የሕንድ ተወላጆች ቆዳ ላይ ያገኙትን ፈንገስ «ትራይኮፋይተን ኢንዶቲኒ» ብለው ሰየሙት። ለጭርት በብዛት የሚሰጠው ቴርቢናፊን የተባለው ፀረ ፈንገስ መድኃኒት የፈንገሱን ሽፋን ለመገንባት የሚያስፈልግ አንድ ኢንዛይም በማገድ ይሠራል፤ በዚህ ዝርያ ላይ ግን የኢንዛይሙ ዘረ መል ስለተለወጠ መድኃኒቱ የሚይዘው ቦታ አያገኝም። ስለዚህ ሰውየው መጠኑን ቢያበዛ በራሱ ላይ ጉዳት ከማምጣት በቀር ትርፉ ትንሽ ነው። በ2023 ሁለት ታማሚዎች ኒው ዮርክ ውስጥ መገኘታቸው ይፋ ሲሆን፣ አንዷ በቅርብ ጊዜ ከአሜሪካ ውጭ ያልተጓዘች ስለነበረች ፈንገሱ እዚያው ከሰው ወደ ሰው መተላለፍ መጀመሩ ተገመተ።

እንዲህ ያለውን ጭርት በአብዛኛው የሚያድነው በአፍ የሚወሰድ ኢትራኮናዞል ነው፤ ሳምንታት አንዳንዴም ወራት ይፈጃል። እዚህ ላይ አገራችንን የሚመለከት ነገር አለ። የኢትራኮናዞል ካፕሱል በደንብ ወደ ደም የሚገባው ጨጓራ ውስጥ አሲድ ሲኖር፣ ከምግብ ጋርም ሲወሰድ ነው። ኦሜፕራዞልን የመሰለ የጨጓራ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ለሐኪሙ ካልነገረ «መድኃኒቱ አልሠራልኝም» ብሎ ሊያዝን ይችላል፤ ችግሩ ግን ከፈንገሱ ላይሆን ይችላል። በአፍ የሚወሰደውን ኬቶኮናዞል ለጭርት መዋጥ ደግሞ ይቅር። ጉበት ላይ በሚያደርሰው ጉዳት የተነሳ በ2013 የአውሮፓ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ ከገበያ እንዲታገድ ሲመክር፣ የአሜሪካው ለቆዳና ለጥፍር ፈንገስ እንዳይታዘዝ አስጠንቅቋል።

«የልጅ ቆረቆር ተላጭቶ ሲቀባ ይጠፋል»

በኢትዮጵያ በትምህርት ቤቶችና በክሊኒኮች በተደረጉ ጥናቶች ከልጆች ራስ ላይ በብዛት የሚገኘው ትራይኮፋይተን ቫዮላሲየም ነው። ይህ ፈንገስ የሚያድገው ፀጉሩ ውስጥ ገብቶ ነው። ፀጉሩ ከውስጥ ተበልቶ ከቆዳው እኩል ሲሰበር ራስ ላይ ጥቁር ነጠብጣብ ይታያል፤ በሌላ ልጅ ላይ ደግሞ ፎረፎር ብቻ ይመስላል። ፈንገሱ በፀጉሩ ሥር ከቆዳው በታች ስለሚቀር ምላጭ አይደርስበትም፣ ቅባትም አይዘልቀውም። ነጭ ሽንኩርት ቆዳ ያቃጥላል፤ ላምባ ከማቃጠሉም በላይ እሳት አጠገብ ለልጁ ሕይወት ያሰጋል።

የሚያድነው የሚዋጥ መድኃኒት ነው። ግሪሲዮፉልቪን በ1939 እንግሊዝ ውስጥ ከሻጋታ ተለይቶ ወጥቶ፣ ከ1950ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ለሰው ይሰጣል። በልጁ ክብደት ተለክቶ ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ይወሰዳል፤ ለቫዮላሲየም ቴርቢናፊንም ጥሩ ይሠራል፣ ጊዜውም አጭር ነው። ግሪሲዮፉልቪን ቅባት ካለው ምግብ ጋር ሲወሰድ በተሻለ ሁኔታ ወደ ሰውነት ይገባል። ወተት ባይኖር፣ ጾምም ቢሆን፣ ዘይት ያለው ወጥ ይረዳል። ይህን የሚነግራት ሰው ያጣች እናት ክኒኑን በባዶ ሆድ ሰጥታ ሁለት ወር ትለፋለች።

አንዳንድ ልጅ ራሱ ላይ መግል የያዘ ትልቅ እብጠት ይወጣበታል፣ ከአንገቱ ጀርባም ንፍፊት ይኖረዋል። እባጭ ይመስላል እንጂ ሰውነት ፈንገሱን አጥብቆ ሲዋጋ የሚመጣ ነው። መበጣት የለበትም። በጊዜ ካልታከመ ጠባሳ ጥሎ ፀጉሩ እስከ መጨረሻው ላይበቅል ይችላል።

ስለ ቆረቆር ሲነሳ አንድ ታሪክ መዘንጋት የለበትም። ግሪሲዮፉልቪን ከመምጣቱ በፊት ፀጉርን በኤክስሬይ ማርገፍ ሕክምና ነበር። በእስራኤል ከ1948 እስከ 1960 አብዛኞቹ ከሰሜን አፍሪካና ከመካከለኛው ምሥራቅ የመጡ ብዙ ሺህ ሕፃናት ራሳቸው ላይ ጨረር ተደርጎባቸዋል። ባሩክ ሞዳንና ባልደረቦቹ በ1974 ያሳተሙት ጥናት በእነዚህ ልጆች ላይ የራስና የአንገት ዕጢዎች መብዛታቸውን አሳየ፤ አገሪቱም በ1994 የካሳ ሕግ አወጣች። ነፍስ ለማያጠፋ በሽታ የተከፈለ ዋጋ ነው።

«ቀለሙ ካልተመለሰ አልዳነም»

ደረትና ጀርባ ላይ ነጣ ያሉ ወይም የጠቆሩ ነጠብጣቦችን የሚያመጣው ማላሴዚያ የተባለ፣ በሁላችንም ቆዳ ላይ የሚኖር ፈንገስ ነው። ከሰው አይጋባም፣ ለምጽም አይደለም። ፈንገሱ ከሞተ በኋላ የቆዳው ቀለም ለመመለስ ወራት ሊፈጅ ይችላል። ቅርፊት ከሌለው ድኗል፤ ደጋግሞ መቀባት አያስፈልግም።

«የቆዳ ፈንገስ ሰውን ለከፋ ነገር አይዳርግም»

በጎረቤታችን በሱዳን ይህን የሚል የለም። ማይሴቶማ የሚባለው በሽታ ከአፈር ወይም ከእሾህ ጋር ወደ እግር ሥጋ ከሚገቡ ፈንገሶች ወይም ባክቴሪያዎች ይመጣል። በ1842 በሕንዷ ማዱራይ ከተማ ስለተገለጸ የማዱራ እግር ይባላል። መጀመሪያ የማያም እብጠት ነው፤ ባለማመሙም ገበሬውና እረኛው ለዓመታት ይታገሡታል። ቀጥሎ ቆዳው ተበስቶ፣ በሱዳን በብዛት በሚታየው ዓይነት፣ እንደ ጥቁር አዝሙድ ያሉ ቅንጣቶች ከመግል ጋር ይወጣሉ። ኋላም አጥንት ይበላል፣ መቆረጥም ይመጣል።

ፕሮፌሰር አሕመድ ሐሰን ፋሐል በ1991 ካርቱም ውስጥ ያቋቋሙት የማይሴቶማ ምርምር ማዕከል ብዙ ሺህ ሰዎችን አክሟል። የዓለም ጤና ድርጅት በሽታውን ችላ ከተባሉ የሞቃታማ አገሮች በሽታዎች ዝርዝር ያስገባው በ2016 ነው። በማዕከሉ በ2017 የተጀመረው የፎስራቩኮናዞል ሙከራ፣ በሳምንት አንድ ጊዜ የሚወሰደው ይህ መድኃኒት በየቀኑ ከሚዋጠው ኢትራኮናዞል ጋር የሚቀራረብ ውጤት እንዳለው አሳየ። ለድሃ ገበሬ ይህ ትልቅ ነገር ነው። በሚያዝያ 2023 የፈነዳው ጦርነት ግን ማዕከሉን አወደመው፤ ለአሥርት ዓመታት የተሰበሰበው ናሙናም አብሮ ጠፋ። ያ ሁሉ ዕውቀት በጥይት መጥፋቱ እጅግ ያሳዝነኛል።

ኢትዮጵያ በሽታው በሚገኝበት የምድር ቀበቶ ውስጥ ናት። በባዶ እግሩ የሚሠራ የቆላ ገበሬ እግሩ ሲያብጥ ሁሉም «ዝሆኔ ነው» ይላል። በደጋው በብዛት የሚታየው ዝሆኔ ከቀይ አፈር የሚመጣ እንጂ ፈንገስ አይደለም፤ ሕክምናቸውም አይገናኝም። ቅንጣት የሚወጣ ከሆነ ማይሴቶማ መጠርጠር አለበት። የባክቴሪያው ዓይነት በፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት ስለሚድን መለየቱ እግር ያተርፋል።

«ጭርት በዐይን ይታወቃል»

ብዙ ጊዜ ይታወቃል። ወር አልፎት ያልዳነ ግን መመርመር አለበት፤ ምርመራውም ውድ አይደለም። የላቦራቶሪ ባለሙያው ከቁስሉ ጠርዝ በደነዘዘ ምላጭ ቅርፊት ይፍቃል፤ ፈንገሱ በብዛት ያለው መሐሉ ላይ ሳይሆን እዚያ ነው። ቅርፊቱ መስታወት ላይ ተደርጎ ፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ ጠብ ይደረግበታል። የቆዳው ሕዋሳት ቀልጠው ሲጠሩ ቅርንጫፍ ያላቸው የፈንገስ ክሮች በማይክሮስኮፕ ይታያሉ። ለወባና ለሳንባ ነቀርሳ የሚያገለግለው ያው ማይክሮስኮፕ ይበቃል። ፀረ ፈንገስ ሲቀባ የሰነበተ ሰው ቀድሞ መናገር አለበት፤ ፈንገሱ ሳይታይ ሊቀር ይችላል።

ጭርት የሚመስለው ነገር ችፌ ሊሆን ይችላል፤ ሥጋ ደዌም ሊሆን ይችላል። የሥጋ ደዌ ምልክት አንዳንዴ እንደ ጭርት ክብ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ግን አያሳክክም፣ በጥጥ ጫፍ ሲነኩትም ላይሰማ ይችላል። የማያሳክክና ደንዘዝ ያለ ክብ ነገር ያለበት ሰው የፈንገስ ቅባት መግዛቱን ትቶ በዚያው ሳምንት ጤና ጣቢያ ይሂድ፤ የሥጋ ደዌ ጥምር መድኃኒት በነፃ ይሰጣል፣ ነርቭ ሳይጎዳ ከተጀመረም አካል ጉዳትን ይከላከላል።